ከሁለተኛው ሳንቃ ወዲያ

እሑድ ጠዋት ፊርሚን ንጹሕ ሸሚዝ ለማውጣት ቁምሳጥናቸውን ሲከፍቱ ሁለቱ መደርደሪያዎች በቦታቸው አልነበሩም። ሸሚዞቹ እንደ ታጠፉ፣ ነጩ ከነጭ ሰማያዊው ከሰማያዊ ሳይደባለቅ፣ ከታች ከጫማዎቹ በላይ ተደርድረው ነበር፤ ስለዚህ ሌባው ሥርዐት ያለው ሰው ነው። ያን ቁምሳጥን በከተማይቱ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ሳሉ በገዛ እጃቸው የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ አንዲት ምስማር አልገባበትም፤ መደርደሪያዎቹም በተቆረጠላቸው ቦይ ገብተው የሚቀመጡ እንጂ ማንም እንደ ፈለገ የሚያወጣቸው አይደሉም ብለው ያምኑ ነበር። ከታች በመተላለፊያው በኩል አንድ ነገር ወለሉን ሲመታ፣ ቀጥሎም ፍሬን ሲያፏጭ ሰሙ። ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፈው፣ ክራቫታቸውን አስረው ወረዱ። ሌባም ቢሆን ያለ ክራቫት አይቀርቡትም።

የዎልስቬልደ ቤቶች ፊታቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ረጅም ነው፤ ከመንገዱ በር እስከ ማእድ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍበት፣ ርዝመቱ ግን የቤቱን ያህል ነው። ሁለቱ መደርደሪያዎች በጠርዛቸው ቆመው መንገዱን ዘግተውታል፤ አንዱን የቲማቲም ቆርቆሮዎች፣ ሌላውን ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት ደግፈውታል። የልጅ ልጃቸው ዮዘፊን፣ ከወገብ በታች በሌሊት ልብስ፣ ከአንገት በላይ በሄልሜት፣ ከምድጃው አጠገብ ብስክሌቷ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ስታያቸው ፈገግ አለችና ፔዳሉን ረገጠች፤ የመጀመሪያውን ሳንቃ ዘለለች፣ ሁለተኛውንም ዘለለች፣ የፊቱ ጎማ ከመንገዱ በር አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመች። ፊርሚን ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘውን መስታወት በአንድ እጃቸው ደግፈው ያዙ።

«እንደምን አደርክ፣ አያቴ?»

«መደርደሪያዎቼ።»

«ልክ አርባ ሳንቲ ናቸው። የውድድሩ ደንብ ከሚለው አንድ ሚሊ አይበልጡም፤ ለዚህ ብለህ የሠራሃቸው ነው የሚመስለው።»

«ለሸሚዝ ነው የሠራኋቸው።»

«ሸሚዝ መሬት ማደር ይችላል። እኔ ነኝ ዛሬ መሬት መንካት የማልፈልገው።»

በዚያ ቤት ፊርሚንን «አንተ» የምትላቸው ዮዘፊን ብቻ ነበረች። እናቷ አኒክ፣ የገዛ ልጃቸው፣ «እርስዎ» ብላ ነው የምታናግራቸው፤ ለዚያውም ስታናግራቸው ነው። በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ዝምታ ከጠብ የመጣ አይደለም። እንደ ሳሎኑ ከባድ ጠረጴዛ ማን እንዳመጣው የተረሳ፣ ሁሉም ግን ሳይነካው ዞሮ ማለፍ የለመደው ነገር ነበር። ሁለቱ የሚነጋገሩት በዮዘፊን በኩል ነው። አኒክ ለልጇ ስትናገር አባቷ እንዲሰሙ ትናገራለች፤ ፊርሚንም ለልጅቷ ሲናገሩ አኒክ ዳቦ መቁረጧን ታቆማለች።

ዮዘፊን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብርዱ ሲገባ በፍላንደርስ ማሳዎች ላይ የሚካሄደውን የጭቃ ብስክሌት ውድድር፣ ሳይክሎክሮስ የሚሉትን፣ የምትወዳደር ልጅ ናት፤ ስሟም ከከተማዋ ወጥቶ መጓዝ ጀምሯል። ለዓለም ሻምፒዮና ከሚሄዱት ወጣት ሴቶች መካከል አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነገሩን ሳያወሳስቡ፣ ከዮዘፊንና ከጎረቤት ከተማዋ ልጅ ከቬርለ መካከል እሑድ በዎልስቬልደ ቀድማ የገባችው ትሄዳለች ብለው ጨርሰውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳቦ ቤቱ፣ በሥጋ ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሌላ ወሬ አልነበረም።

በፊርሚን ዘመን በውድድሩ መንገድ ላይ እንደ መሰናክል ከሚተከሉት ሁለት ሳንቃዎች ሲደርስ ሰው ይወርድ ነበር። ቀኝ እግር በኮርቻው ላይ ያልፋል፣ በግራው እግርና በብስክሌቱ መካከል ሾልኮ መሬት ይነካል፣ ብስክሌቱ ከመሬት ይነሣል፣ ሰውየው ሁለቱን ሳንቃዎች በሩጫ አልፎ ተመልሶ ኮርቻው ላይ ይቀመጣል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ጨዋ ሰው ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ በነሣበት ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን አወራረድ ለዮዘፊን ያስተማሯት ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነበር። አሳምራ ታውቀዋለች፤ አትጠቀምበትም። እርሷ ከነብስክሌቷ ትዘላለች፤ ተመልካች ሲበዛ በአየር ላይ የኋላውን ጎማ ወደ ጎን ትወረውራለች፤ ካሜራ ካየች ምላሷን ታወጣለች። አገጯ ላይ ያለው ስፌት ገና ቀይ ነው። ያን ስፌት ያገኘችው እንደዚያው ምላሷን ስታወጣ ስለሆነ ምላሷም ተሰፍቶ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ያህል በቤቱ ውስጥ የወትሮው ዝምታ ላይ የእርሷ ዝምታ ተጨመረ።

«ዛሬ ትወርጃለሽ» አሉ ፊርሚን፣ ክቡን ዳቦ ቅቤ እየቀቡ።

«ዛሬ አሸንፋለሁ።»

«ወርደሽ ታሸንፊያለሽ።»

«ቬርለን? አያቴ፣ እሷ እኮ ሰጎን ናት። እሷ አንዴ ስትራመድ እኔ ሦስቴ ነው የምራመደው። ሩጫ ከሆነማ ከአሁኑ እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት።»

አኒክ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ዝላዩ ለማሸነፍ ከሆነ ዝለይ፤ ለታይታ ከሆነ ግን እኔም አልወደውም» አለች ለልጇ፣ ዐይኗን የቅቤው ሳሕን ላይ እንደ ተከለች። «አሁን ሱሪ ልበሺ።»

ፊርሚን ይህ አነጋገር ለእርሳቸው እንደ ተላከ ተረዱ፤ መልስ ግን በቅቤው ሳሕን በኩል አልላኩም። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቀድመዋቸው በእግር ወጡ።

የውድድሩ ስፍራ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ በቦዩ ዳር የተዘረጋ የከብት ማሰማሪያ ነበር። ሰዎች ገና ካስማ እየተከሉ፣ ገመድ እየወጠሩ፣ የቢራውን ድንኳን እያቆሙ ነው። ሳንቃዎቹ በሚተከሉበት ቦታ ኃላፊው ኦዲሎን፣ በወጣትነታቸው ከፊርሚን ጋር በአንድ ማልያ የተወዳደሩ፣ ያን ጊዜ ፊርሚን አለቃ ስለ ነበሩ ዛሬም እንደ አለቃ የሚሰሟቸው ሰው፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው የተዋሱትን የውሃ ቱቦ ይጠቀልሉ ነበር። ፊርሚን ከፊተኛው ሳንቃ በፊት ያለውን ሣር በጫማቸው ጫፍ ተጫኑት።

«ኦዲሎን፣ ይህ መሬት ደርቋል።»

ኦዲሎን መሬቱን አዩ፤ ቀጥሎም ሰማዩን፤ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ የዋጠውን ቦት ጫማቸውን። «ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል እኮ።»

«እዚህ ጋ ነፋስ ይመታዋል።»

«ነፋስ?»

«ውሃ ያስፈልገዋል። በደንብ።»

«በደንብ ስትል...»

«ማንም በብስክሌት ሮጦ እንዳይደርስበት ሆኖ።»

ኦዲሎን ቱቦውን እንደ ያዙ ቆዩ። ዘላይ ለመዝለል ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ከሳንቃው በፊት ያለው መሬት ከላቆጠ ፍጥነት የለም፤ ፍጥነት ከሌለ ሁሉም ወርዶ ይሮጣል። ይህን በዎልስቬልደ የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። «ሰውዬ፣ ይህ ነገር የልጅቷ ነገር ነው?»

«የመሬቱ ነገር ነው።»

«እሺ። የመሬቱ ከሆነ እሺ።» ቱቦውን ፈቱት።

ፊርሚን ውሃው ሲረጭ ቆመው አዩ። ሣሩ መጀመሪያ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጠፋ። ስለ ቬርለ እግር አላሰቡም፤ ስለ አገጩ ስፌት ነው ያሰቡት። ሥራው ሲያልቅ አመሰገኑና ጫማቸውን በቅጠል ጠረጉ።

እስከ እኩለ ቀን ማሰማሪያው ሞላ። መግቢያው ዐሥራ ሁለት ዩሮ፣ ቢራው ሦስት፣ ቋሊማው በሽንኩርት ከአምስት ከፍ ይላል፤ ይህን ዋጋ የሚራገም ሁሉ ቋሊማውን እያላመጠ ነው የሚራገመው። ቢጫ ሻሽ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙት የዮዘፊን ወዳጆች ማኅበር አባላት እንደ ልማዳቸው በሳንቃዎቹ ግራ አጥሩን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ሊቀ መንበራቸው ሥጋ ሻጩ ኖርበርት አንድ ትልቅ የላም ደወል ይዞ ይመጣል፤ ዮዘፊን በዘለለች ቁጥር ደወሉ ይመታል፣ ማኅበሩም ይጎነጫል። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ የልጅቷ ዝላይ ከልባቸው ያስደስታቸዋል። ፊርሚን የዚህ ማኅበር የክብር ፕሬዚዳንት ናቸው። ሥራቸው መገኘትና አለመደሰት ነው፤ ሁለቱንም ሳያጓድሉ ፈጽመዋል።

የብስክሌት መቀየሪያው ከሳንቃዎቹ በስተ ቀኝ ነበር። በዚህ ውድድር ጭቃው ብስክሌቱን ስለሚያከብደው እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ብስክሌት አለው፤ አንደኛው ሲቆሽሽ ወርውሮ ንጹሑን ይቀበላል፤ ሲዞር ቤተሰቡ የቆሸሸውን አጥቦ ይጠብቀዋል። አኒክ ታጥባለች፣ ፊርሚን ያቀብላሉ። ሥራው ንግግር ስለማይፈልግ ለሁለቱም ይስማማቸዋል። ፊርሚን አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ዮዘፊን ወደ ሳንቃዎቹ ስትጠጋ ጀርባቸውን አዙረው የተጠባባቂውን ብስክሌት ሰንሰለት በአውራ ጣታቸው ይፈትሻሉ። ደወሉ ሲመታ እንዳለፈች ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ይዞራሉ። ሰው ይህን እንደ ንቀት ነበር የሚተረጉመው። እርሳቸውም አላስተባበሉም፤ ከሌላው ምክንያት ንቀቱ ይሻል ነበር።

ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሳንቃዎቹ ጋ የደረሱት ሁሉ እንደ ገንፎ በላቆጠው ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀው ወረዱ። ዮዘፊንም ወረደች። ፊርሚን ያን ጊዜ ስለማትዘል ጀርባቸውን አላዞሩም፤ እግሯን በኮርቻው ላይ ስታሳልፍ፣ ሾልካ መሬት ስትነካ፣ ብስክሌቱን ስታነሣ አዩ፤ ልክ እንዳስተማሯት ነበር። ደወሉ አልመታም። ከማዶ «ምን ሆነች ዛሬ?» «ቆርባ መጥታ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ ቬርለን አዩ። ቬርለ ከብስክሌቷ ስትወርድ የምትወርድ አትመስልም፤ የሚዘረጋጋ መሰላል ትመስላለች። በዚያ ጭቃ ውስጥ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ረገጥ ረገጥ ስትል ዮዘፊን ከኋላዋ እንደ ዳክዬ ትንደፋደፍ ነበር። ሁለቱ በቀረው መንገድ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም በመዞሪያዎቹ ላይ ዮዘፊን ትጠጋለች። ነገር ግን በየዙሩ፣ በሳንቃዎቹ ላይ፣ በዚያች በረጠበች መሬት ላይ፣ ቬርለ ትንሽ ታተርፋለች። ትንሽ፣ እንደገና ትንሽ። ፊርሚን የመጀመሪያውን ትርፍ በዝምታ ተቀበሉት፤ ሁለተኛውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ በኋላ ባርኔጣው የሚስተካከልበት አልነበረም።

አኒክ በግፊት ውሃ የምትረጨውን ቱቦ እንደ ያዘች፣ ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ወደ ሳንቃዎቹ አየች። «ይህ ጭቃ የዝናብ አይደለም» አለች። በዙሪያዋ ዮዘፊን ስላልነበረች ለማን እንደ ተናገረች ግልጽ ነበር። ፊርሚን የብስክሌቱን መሪ ጨበጡ። አኒክም ማጠቧን ቀጠለች፤ ግን ውሃው ከወትሮው ይልቅ በኃይል ይወጣ ጀመር።

ያን ሁሉ ጊዜ ፊርሚን ዐይናቸውን ከዚያ ጭቃ አልነቀሉም። የገዛ እጃቸው ሥራ ነውና ሌላ የሚያዩት አጡ። ስለዚህም ማንም ያላስተዋለውን አስተዋሉ። ሯጮቹ ሁሉ መሐሉን እየረገጡ ጭቃውን ወደ ግራ ገፍተውት ነበር፤ በቀኝ በኩል፣ ከመቀየሪያው አጥር ሥር፣ ውሃ ያልገባባት፣ ሣሯ ገና የቆመ፣ ስፋቷ ከመዳፍ የማይበልጥ አንዲት ጠርዝ ቀርታለች። በእግር አትጠቅምም። ለጎማ ግን ትበቃለች።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተመታ። ቬርለ ወደ ሳንቃዎቹ አቅጣጫ እየሄደች ነው፤ ዮዘፊን ከኋላዋ፣ ብስክሌቱ ጭቃ ተሸክሞ፣ ወደ መቀየሪያው ገባች። የቆሸሸውን ለቀቀች፤ ፊርሚን ንጹሑን ገፉላት። በሕይወታቸው ብስክሌት አቀብለው ሲያበቁ መሪውን አልለቅ ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በቀኝ ጠርዝ» አሉ። «አጥሩን ታክከሽ። ዝለዪው።»

ዮዘፊን ዞር ብላ አየቻቸው። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ስለ ነበር ዐይኖቿና ጥርሶቿ ብቻ ይታዩ ነበር፤ ከሁለቱ ግን መደነቋ ይነበባል። ከዚያ ሄደች። አኒክ ቱቦውን ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። ፊርሚን በዚህ ጊዜ ጀርባቸውን አላዞሩም፤ የሚፈትሹት ሰንሰለት አልነበረም፤ ተጠባባቂው ብስክሌት ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል። ፊታቸውን ወደ ሳንቃዎቹ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

መጀመሪያ የሰንሰለቱን ድምፅ ሰሙ፣ በጣም ቅርብ፣ በጣም ፈጣን። ከዚያ አንድ ዝምታ። ከዚያ ጎማ መሬት ሲመታ። ሌላ ዝምታ። ሌላ ጎማ። ደወሉ እንደ እብድ ጮኸ፣ ቢጫዎቹ ሁሉ አገሱ፤ ፊርሚን እስትንፋሳቸውን ለቀቁ። ከዚያ ያ ግሣት መሐል ላይ ተሰበረ፤ ብዙ ሰው በአንድ አፍ «ውይ!» አለ።

ዐይናቸውን ሲገልጡ ዮዘፊን ከሁለተኛው ሳንቃ ወዲያ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በጎኗ መሬት ላይ ነበረች፤ ቬርለ በረጅም እግሮቿ አጠገቧ ደርሳ፣ አለፈቻት። ዮዘፊን ተነሣች፣ የወለቀውን ሰንሰለት አስገባች፣ ተቀመጠች፣ አሳደደች። ሁለተኛ ወጣች። አሠልጣኙ ከድንኳን ጥላ ሥር ወጥተው ቬርለን ጨበጡ፤ ቀጥሎም ዮዘፊንን ጨበጡ፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ከሁለተኛው ይረዝም ነበር። በዚሁ አለቀ።

የሆነው ነገር በድንኳኑ ውስጥ ከመቶ አፍ ተተረከ፤ ሁሉም አንድ ነው የተረኩት። ልጅቷ ሁለቱንም ሳንቃዎች እንደ ሚዳቋ ዘልላ፣ ቬርለን አልፋ፣ መሪነቱን ይዛ ነበር። ከዚያ ቀጥታ መሄድ ሲገባት አንገቷን ወደ ጎን መለሰች፤ አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ ከራሷ በላይ አውለበለበች፤ የፊቱ ጎማ የአንድ ትራክተር አሮጌ ዱካ ውስጥ ገባ። ዮዘፊን ይህን ሁሉ የምትሰማው በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ክርኗ ላይ ይዛ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ነው። እንዳለች እያወቁ፣ እንደሌለች አድርገው ነበር የሚያወሩት።

«ንግሥት ናት እኮ! ሕዝቧን ሰላም ስትል ነው የወደቀችው።»

«ለፎቶው ነዋ። ፎቶው ደግሞ ያምራል፤ አየሽው?»

«የዓለም ሻምፒዮና በእጇ ገብቶ ነበር፤ ያንኑ እጇን አነሣችው።»

ኖርበርት የላም ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ነበር። «እኔ በበኩሌ ይህን ልሸጠው ነው» አለ። «ላም ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ላም እንኳ ሣር አፏ ሲደርስ ሰላምታ አትሰጥም።»

ሳቁ ትልቅ ነበር። ፊርሚን ባርኔጣቸውን አወለቁ። አኒክ ውጭ ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ትጭን ስለ ነበር በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚመክራቸው ሰው አልነበረም። በክፍል ፊት ቆመው ያሳለፉት ዘመን ባወረሳቸው ድምፅ «ጸጥታ!» አሉ፤ ከተቀመጡት ግማሾቹ ተማሪዎቻቸው ነበሩና ብርጭቆ ያነሣ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ዝለይ ያልኳት እኔ ነኝ። የምትዘልበትንም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከሳንቃው በፊት ያለውን ውሃ ያስረጨሁትም እኔ ነኝ። እናንተ የምትስቁባት ልጅ ቀኑን ሙሉ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።»

ከዚያ ኖርበርት፣ በሬ ሲያርድ የማይታወክ ሰውዬ፣ ዐይኑ ውሃ ሞላ።

«ጋሼ ፊርሚን» አለ። «እንዲህ ነው አያት።»

«እውነቱን ነው የምነግርህ።»

«እናውቃለን፣ ጋሼ። እናውቃለን።»

«ምንም አታውቁም። ለውሃው ኦዲሎንን ጠይቁት።»

ኦዲሎን ከቢራው ባንኮኒ አጠገብ ቦት ጫማቸውን እያዩ ነበር። «እውነት ነው» አሉ። «ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አያችሁ ጓደኝነት?» አለች አንዲት ባለ ቢጫ ሻሽ ሴት፣ ለባልዋ፣ ባልዋ ጓደኛ የሌለው ይመስል። «ዕድሜ ልካቸውን ዝላይ የተጸየፉ ሰውዬ፣ ለልጅቷ ሲሉ ስማቸውን ጭቃ ውስጥ ጣሉት! እኚህኛው ደግሞ ተከትለው ገቡ!»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ። ፊርሚን እጃቸውን አንሥተው ሊያስቆሙ ሲሞክሩ እንደ ትሕትና ተቆጠረና ጭብጨባው በረታ። ኖርበርት ደወሉን አንሥቶ መታ። በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ፊታቸው ተደረደረ። ፊርሚን በውድድር ዘመናቸውም ሆነ በመምህርነታቸው እንደዚያ ተከብረው አያውቁም፤ ቀጥ ብለው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ክብሩን እንደ ቅጣት ተቀበሉት። ከአግዳሚው ጫፍ ዮዘፊን ታያቸው ነበር። አላጨበጨበችም።

ማታውን እንደ ማንኛውም እሑድ ከመንገዱ ጥግ ካለችው ሱቅ ድንች ጥብስ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ሦስቱ ማእድ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። የዮዘፊን ክርን በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራ እጇ ነው የምትበላው። አኒክ የድንኳኑን ወሬ በመኪናው መስኮት በኩል ከአምስት ሰው ሰምታለች፤ ዐይኗ ግን ከሳሕኗ አልተነሣም።

«ውሃውን እውነት አንተ ነህ ያስረጨኸው?» አለች ዮዘፊን።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዳትዘዪ።»

ዮዘፊን አንድ ድንች ነክሳ አላመጠች። «ከዚያ ደግሞ ዝለይ አልከኝ።»

«እየተሸነፍሽ ነበር።»

«በውሃው ምክንያት።»

«በውሃው ምክንያት» አሉ ፊርሚን። «የዓለም ሻምፒዮናውን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ ተናገርኩ፤ አላመኑኝም። አንቺ እመኚኝ።»

«አምኜሃለሁ።» እንደገና ድንች ነከሰች። ተቆጥታ እንደ ሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር፤ ቁጣዋ ሁልጊዜ ከተኛች በኋላ ነው የሚነሣው። «እነሱ ግን የተሳሳቱት እዚያ ላይ አይደለም። ለነሱ ያውለበለብኩ መሰላቸው። እነሱ እኮ በግራ ነው የነበሩት። እኔ ወደ ቀኝ ነው የዞርኩት።»

ፊርሚን ቀና አሉ።

«በቀኝ የነበርከው አንተ ነህ፣ አያቴ። ስንት ዓመት ዘለልኩ፤ ስዞር ሁሌም የማየው የካፖርትህን ጀርባ ነው። ዛሬ ዝለይ ስትለኝ፣ ዛሬስ ያያል አልኩ። ስዞር ፊትህ ወደ እኔ ነበር።» በግራ እጇ ግንባሯን አከከች። «ጭቃው ዐይኔ ገብቶ በደንብ አልታየኝም። አየኸኝ አይደል?»

ፊርሚን ሹካቸውን ከሳሕኑ ጠርዝ ጋር አስተካክለው አስቀመጡ።

«አየሁሽ» አሉ።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«እንዴት ነበር?»

«የመጀመሪያው ላይ» አሉ ፊርሚን፣ ቃላቱን በክፍል ውስጥ እንደሚያስጽፉ እየለዩ፣ «ጉልበቶችሽ በጊዜ ታጠፉ። ብዙ ሰው ይዘገያል፤ አንቺ አልዘገየሽም። የኋላው ጎማ ከሳንቃው በላይ ይህን ያህል ነበር።» ሁለት ጣታቸውን አሳዩ። «ትከሻሽ አልተወዛወዘም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ከፍ አልሽና እዚያው ትንሽ የቆየሽ መሰለኝ። ስትወርጂ ድምፅ አልነበረሽም ማለት ይቻላል። ቬርለ ቀና ብላ አየችሽ። እኔ ከብስክሌት መውረድ ብቻ ነው የሚያምረው ብዬ ነበር የማምነው።»

«እንደዚያ ነው የተሰማኝ!» አለች ዮዘፊን። «በቃ እንደዚያው! ሁለተኛው ላይ የቆየሁ ነው የመሰለኝ!» ፊቷ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ አልበራም። «እማዬ፣ ሰማሽ? ሚሊ በሚሊ አይቶታል!»

አኒክ ያን ጊዜ በመቀየሪያው ውስጥ፣ የውሃውን ቱቦ ይዛ፣ ከአባቷ አንድ ክንድ ርቃ ነበር የቆመችው። ልጇ ወደ አየር ስትነሣ አይታለች፤ አባቷ መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ዐይናቸውን ጭምቅ አድርገው ሲቆሙም አይታለች። አሁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻቸው፤ ረዘም አድርጋ። ፊርሚንም ዐይናቸውን አላሸሹም፤ የሚመጣውን ቀጥ ብለው ጠበቁ።

«ሰምቻለሁ» አለች አኒክ፤ ማዮኔዙንም አንሥታ ወደ አባቷ አስጠጋችው።